የግሌብ ነጭ ውሻ

ግሌብ ዛሩቢን ውሻውን የጻፈው እንዲሰረዝለት ብሎ ነው። ይኼን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው ሁሉ የእብድ ወሬ ይመስላችኋል።

በኛ አገር ለመድረክም ሆነ ለፊልም የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይቺን ብልሃት ያውቃታል። አዲስ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ገምጋሚ ኮሚቴ ይመጣል። ኮሚቴ ደግሞ አንድ ነገር ሳይቆርጥ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ካልቆረጠ ሥራ የሠራ አይመስለውም። ስለዚህ ጸሐፊው ዓይን የሚወጋ፣ ለምንም የማይረባ ነገር ሆን ብሎ መሀል ላይ ይሰነቅራል። "ይኼ ደግሞ ምንድነው? ይውጣ!" ይላሉ። ጸሐፊው ፊቱን ያጠቁራል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ ይሸነፋል። እነሱ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እሱም የልቡን ይዞ ይቀራል። ይቺን ማጥመጃ "ነጭ ውሻ" ነበር የምንላት። ሌላው ሰው ሰካራም ይጨምራል፣ ቄስ ይጨምራል፣ የሴት ባት ይጨምራል። የኛ ጉድ ግን እውነተኛ ነጭ ውሻ ጻፈ። "ውሻ መድረኩን አቋርጦ ያልፋል።" በቃ። ለምን እንደሚያልፍ ግሌብ ራሱም አያውቅም።

"ምነው ግሌብ፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም?" አልኩት ሳነበው።

"ቂል ነገር ሲሆን ቶሎ ይታያቸዋል፣ ኢና" አለኝ።

እኔ ኢና ማርኮቭና እባላለሁ፤ ቮልጋ ዳር ባለችው ከተማችን ቴያትር ቤት የድርሰት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ተውኔት አነባለሁ፣ ጸሐፊ አባብላለሁ፣ ሲያስፈልግም እሰድባለሁ። ግሌብን ከተማሪነታችን ጀምሮ ስለማውቀው እሱን ያለ ምንም ይሉኝታ ነበር የምሰድበው።

ደግሞ የሚሰደብም ነበረ። ሞስኮ ላሉት ስቱዲዮዎች የጻፋቸውን ፊልሞች ያየ ሰው ይፈርድልኛል። ግድብ ይሠራል፣ ድልድይ ይሠራል፣ ጎረምሳው ሲሚንቶ እያቦካ ይዘፍናል፣ ልጅቷ ከክሬን ላይ ሆና ታየዋለች፣ መጨረሻ ላይ መብራት ይበራል። በነዚህ ፊልሞች ኒሻን ተሸልሟል፣ ቤት ተሰጥቶታል፣ ጥሩ ካፖርትም ገዝቷል። ጋዜጣ ላይ ፎቶው በወጣ ቁጥር ግን ጋዜጣውን አጣጥፎ ይቀመጥበታል። "ይኼ ሁሉ መንገድ ለመጥረግ ነው። አንድ ቀን አንዲት ነገር አሳልፋለሁ" ይለኛል። እኔም "ስትጠርግ ሸበትክ" እለው ነበር።

ያቺ አንዲት ነገር በዚህ ተውኔት ውስጥ ነበረች። አንዲት ሴት በጨርቅ የተሰፋ ጥቅል ታቅፋ ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ መስኮት ፊት ትቆማለች። መስኮቷ ትከፈታለች። ሴትየዋ ስም ትናገራለች። "አንቀበልም" ይላል ድምፅ፣ መስኮቷም ትዘጋለች። ይኸው ነው። ግሌብ ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት ክረምት፣ ያ የጅምላ እስር ጊዜ፣ የጸጥታ ሰዎች አባቱን ከአልጋው አንስተው ወሰዱት። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። እናቱ ፔላጌያ ኒኪቲችና ክረምቱን በሙሉ እስር ቤቱ መስኮት ፊት ምግብና ልብስ ጠቅልላ ተሰለፈች። ጥቅሉን ከተቀበሉ ሰውየው አለ ማለት ነው። አንድ ቀን አልተቀበሉም። ይኼን ለልጇ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ነው የነገረችው፣ ድንች እየላጠች። ልጣ ስትጨርስ "ከእንግዲህ አትጠይቀኝ" አለች፤ እሱም አልጠየቀም።

አሁን ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ ግሌብን ጠርቶ ክረምቱን መዝለሏን እንደሚጠራጠር ነግሮታል። ለመክፈቻው ቀን ከገጠር እንድትመጣ የባቡር ትኬት ቆርጦላታል።

"አንድ ጊዜ ብቻ ትየው፣ ኢና" አለኝ። "ከነገ ወዲያ ቢዘጉት ይዝጉት። እሷ ዝም ያለችውን እኔ አልረሳሁትም፤ ይኼን አይታ ትሂድ።"

ምን ይባላል?

የተቀጠረው ቀን ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ጓድ አርካዲ ፎሚች ሜዘንትሴቭ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ሲቀመጡ ወንበሩ ያቃስታል። መጥፎ ሰው ነበሩ ለማለት ይከብደኛል። ፈሪ ነበሩ፣ እንደ ሁላችንም፤ ልዩነቱ እሳቸው በፍርሃታቸው ላይ ማኅተም ነበራቸው። ሁለቱ አጃቢዎቻቸው እሳቸው ሲስቁ ይስቃሉ፣ ሲያስነጥሱ መሀረብ ያወጣሉ።

ውሻው ቡራን ይባላል። የተዋናይቷ የታይሲያ ገርማኖቭና ውሻ ነው፤ እሷ ናት ጥቅል ታቅፋ የምትቆመዋ። ቡራን ሩጦ እንዲያልፍ ነበር የታሰበው፤ እንዲያስጠላ። ያ ከይሲ ግን መድረኩ መሀል ሲደርስ ቁጭ አለ፣ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሮ ጓድ ሜዘንትሴቭን ከላይ እስከ ታች አያቸው፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ሜዘንትሴቭ ሳቁ። አጃቢዎቹ ሳቁ። የሳቁበትን ደግሞ ማን ይቆርጣል?

ሲያልቅ መብራት በራ። ግሌብ ለክርክሩ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ቤቱ መስታወት ፊት እንደተለማመደ አውቃለሁ።

"ውሻውን ያመጣው ማነው?" አሉ ሜዘንትሴቭ።

"እኔ ነኝ" አለ ግሌብ ቶሎ ብሎ። "ውሻው ለኔ በጣም አስፈላጊ ነው፣ አርካዲ ፎሚች። እሱን አትንኩብኝ!"

"ማን ይነካዋል? ለኔም አስፈላጊ ነው! ጎሽ! ሕይወት አለው፤ ሕዝባችን እንስሳ ይወዳል።" መሀረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ውሻው ይቆያል። አሮጊቷ ግን ትውጣ።"

ግሌብ ወደኔ ዞረ።

"የትኛዋ አሮጊት?" አለ አዘጋጃችን ኤራስት ቦሪሶቪች፤ ሌላ አሮጊት ያለች ይመስል።

"ያቺ ባለ ጥቅሏ። ምንድነው እሱ መስኮት?"

"ፖስታ ቤት" አለ ኤራስት። ላብ አጠመቀው።

"ፖስታ ቤት ከሆነ ለምን አይቀበላትም? የኛ ፖስታ ቤት አይሠራም ነው የምትሉት? ተመልካቹ ጥቅሉ ውስጥ ምን አለ ይላል፤ ቀጥሎ ለማን ነው ይላል፤ ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው ይላል። ምን በወጣኝ!" ተነሡ። "መስኮቱ ይደፈን። ሰዉ በሳቅ ወደ ቤቱ ይሂድ።"

በሩ ድረስ ሸኘናቸው። ስንመለስ ግሌብ የለም። ቢሮዬ ውስጥ የልብ መድኃኒት ጠብታዬን ከነጠርሙሱ ሲጎነጭ አገኘሁት።

"እሱ እኮ በጠብታ ነው የሚጠጣው፣ አንተ ደደብ!" ብዬ ነጠቅኩት።

"ተውኔቱን አነሳዋለሁ። አላሳይም። ውሻ አሳይቼ ነው እናቴን የማስቅ? በራሴ ውሻ ተበላሁ እኮ፣ ኢና! ማንም ጸሐፊ እንዲህ ተበልቶ ያውቃል?"

"አንሣና ምን ትላታለህ?"

"ታመምኩ እላለሁ።"

"ባቡር ላይ ናት!" ጮህኩበት። ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ በሱ አይደለም፣ ግን እሱ ነበር አጠገቤ ያለው። "ልቧ እንዲህ ሆኖ ሁለት ባቡር ቀይራ እየመጣች ነው። አንተ ታመምክ?"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይኼ ኒሻን ያንጠለጠለ ሰውዬ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላው።

ማግሥቱን አናጢዎቹ መስኮቷን በእንጨት ደፍነው ግራጫ ቀለም ቀቡባት። ፔላጌያ ኒኪቲችናን ከጣቢያ ተቀብለን ግሌብ ቤት አስገባናት። ትንሽ ሴት ናት፤ ሻርፗን እቤት ውስጥም አታወልቅም። ያመጣችውን የተቀመመ እንጉዳይ እያቀረበች "ግሌብዬ፣ ምነው ከሳህ? ስለ ምንድነው ተውኔቱ?" ትለዋለች። እሱ አንዴ "ስለ ሰዎች" ይላታል፣ አንዴ "ታዪዋለሽ" ይላታል፣ ዓይኗን ግን አያያትም። እሷ ትተነፍሳለች፣ እኛ ትንፋሿን እናዳምጣለን።

ያዳነን፣ ወይም ያስጨነቀን፣ ያው ውሻው ነው። ታይሲያ ገርማኖቭና ከተውኔቱ ወጥታለች፤ ስለዚህ ልምምድ ላይ ቡራንን አንድ ወጣት ተዋናይ እንዲመራው ተደረገ። ቡራን አልንቀሳቀስ አለ። ጎተቱት፤ ተኛ። ቋሊማ አሳዩት፤ ቋሊማውን በልቶ ተኛ። ገፉት፤ የወጣቱን ሱሪ ቀደደና መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ያላዝን ጀመር። ታይሲያ ከኮሪደሩ ብቅ ስትል ጊዜ ዘሎ ተነሣ።

ኤራስት ቦሪሶቪች ራሱን ይዞ ወደ ስልኩ ሄደ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

"አርካዲ ፎሚች፣ ውሻው ያለ አሮጊቷ አልወጣም አለ።"

ከወዲያ ድምፃቸው እስከኔ ድረስ ተሰማ። "እንግዲያው እሷው ታምጣው! ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። አንዲት ቃል!"

"አንዲት ቃል" አለ ኤራስት፣ ስልኩን አስቀመጠና አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም መናገር ፈራን።

የተናገረችው ታይሲያ ናት። "ስለ ጥቅሉ የተናገረ አለ?"

"የለም" አልኩ።

"ስለዚህ እናንተም አትናገሩ።"

"ታይሲያ ገርማኖቭና" አለ ኤራስት፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ቢነቁ እኔን ከዚህ ቤት ያባርሩኛል። ግሌብም ከእንግዲህ ስለ ሲሚንቶ እንኳ አይጽፍም። እርስዎም የሕዝብ አርቲስት ማዕረግዎን..."

"ኤራስትዬ፣ እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል። ምኔን ይነጥቁኛል፣ ውሻዬን? ውሻውን እንደሆነ ወደውታል" አለችው።

መክፈቻው ቀን ደረሰ። የቴያትር ቤታችን አስተናጋጅ፣ ነገር የማይገባው ሰው፣ ጓድ ሜዘንትሴቭን ከነባለቤታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠና ፔላጌያ ኒኪቲችናን ልክ ከኋላቸው አስቀመጣት። "የክብር እንግዶች አንድ ላይ" አለኝ ደስ ብሎት። ልገድለው ነበር። ባለቤታቸው ዞያ ካርፖቭና አንገቷ ላይ የቀበሮ ፀጉር የጣለች ግዙፍ ሴት ናት፤ በከተማው ውስጥ የምትፈራ፣ ለሱቅ ሠራተኛም ለሚኒስትርም እኩል የምትቆጣ። የቸኮሌት ሳጥን ጭኗ ላይ ከፍታ ትበላለች።

እኔና ግሌብ የጎን በሩ ላይ ቆምን። ሊቀመጥ እምቢ አለ። ሻርፔን ከኋላ ጨምድዶ ይዞታል፤ ሲጨንቀው ይስበዋል፣ እኔ እታነቃለሁ። ለመድረኩ ጀርባውን ሰጥቶ እናቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ያ ትዕይንት ደረሰ። ታይሲያ ከነውሻው ወጣች። በአንድ እጇ ማሰሪያውን፣ በሌላው ጥቅሉን ይዛለች። ቡራን ቁጭ ብሎ እንደ ልማዱ ወደ አዳራሹ ዞረ፤ ሰዉ ሳቀ። ጓድ ሜዘንትሴቭም ወንበራቸው እስኪያቃስት ሳቁ፣ ወደ ሚስታቸውም ጎንበስ ብለው "ይኼውልሽ፣ ያልኩሽ" ሲሉ ሰማሁ።

ታይሲያ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷን ወደ ግራጫው ግድግዳ አዙራ ቆመች። መስኮት የለም። ቆመች። ሳቁ ከፊት ረድፎች ቀስ እያለ ቀነሰ፣ ከዚያ ኋላም ጠፋ። አንድ ሰው ሳለና አፈረ። ታይሲያ ጥቅሉን ከፍ አድርጋ ወደ ባዶው ግድግዳ ዘረጋችና ጠበቀች። ሜዘንትሴቭ ቀና አሉ። አንገታቸው ሲቀላ ከቆምኩበት አየሁት፤ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ያዘ፣ ሊነሡ ነው አልኩ። ግሌብ ሻርፔን ሳበው፣ ትንፋሽ አጠረኝ።

ያን ጊዜ ነው ከአራተኛው ረድፍ ያቺ ትንሽ ድምፅ የመጣችው። ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ፣ ሁላችንም ዳቦ ሱቅ ስንደርስ፣ ወተት ሱቅ ስንደርስ፣ ዶክተር ቤት ስንደርስ ከማን ኋላ እንደምንቆም ለማወቅ እንደምንጠይቀው።

"የሰልፉ መጨረሻ ማነው?"

ፔላጌያ ኒኪቲችና ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆማለች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። የት እንዳለች የምታውቅ አይመስለኝም። ኧረ ጉድ ነው! አለቀልን፣ አልኩ። ይኼን ማንም አልጻፈውም፤ ማንም አይሰርዘውም። በሚቀጥለው ደቂቃ መጋረጃ ይዘጋል፣ እሷን ደግሞ ክንዷን ይዘው ያወጧታል፣ ልቧም እዚያው በሩ ላይ ቀጥ ይላል። ግሌብ ሻርፔን ለቀቀና ወደሷ ሊሮጥ አንድ እግሩን አነሣ።

"እኔ ነኝ" አለ ሌላ ድምፅ።

ወፍራም የሴት ድምፅ ነበር፤ ከሦስተኛው ረድፍ። ዞያ ካርፖቭና ወደ ኋላ አልዞረችም። ወደ ግድግዳው እያየች ነው የመለሰችው፣ ሰው በሰልፍ ላይ ለተጠየቀው እንደሚመልስ፣ ሳያስበው። ቸኮሌቱ ከጭኗ ወድቆ ተበተነ። ባሏ ዞር ብለው አዩዋት። ሃያ ምናምን ዓመት አብሯት የኖረ ሰው እንደዚያ ሲያይ አይቼ አላውቅም፤ በሩን ያንኳኳች እንግዳ ያዩ ይመስሉ ነበር። እጃቸው ከወንበሩ ክንድ ላይ ወረደ።

ታይሲያ ጥቅሉን ቀስ አድርጋ ወደ ደረቷ መለሰች። ማሰሪያውን ሳብ አደረገችና ከውሻው ጋር ወጣች። ማንም አላጨበጨበም። ተውኔቱ ቀጠለ፤ ምን እንደቀጠለ ግን አንድ ቃል አላስታውስም።

ሲያልቅ ሰዉ ካፖርቱን ለመውሰድ ተሰለፈ። ዞያ ካርፖቭና ተራ መጠበቅ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሁሌ ወደፊት አልፋ ነው የምትቀበለው። ያን ቀን ግን ከሰዉ ኋላ ቆማለች፣ ባሏ አጠገቧ። ፔላጌያ ኒኪቲችና የግሌብን ክንድ ለቀቀችና ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደች። እኔ ላስቆማት እጄን ዘረጋሁ፤ ግሌብ እጄን ያዘኝ።

"አንቺ ነሽ እኔ ነኝ ያልሽው?" አለች ቀና ብላ እያየቻት። "ከማን ኋላ እንደሆንኩ ፊቱን ልወቀው ብዬ ነው። ሰልፍ ላይ ፊት ካላወቁ ይጠፋፋሉ።"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ" አለች ዞያ ካርፖቭና። ያቺ የሚፈሯት ሴት ድምፅ አልነበረም።

"ለማን ነው ያመጣሽው?"

"ለአባባ። ልጅ ነበርኩ። እማማ ታማ እኔን ላከችኝ።"

"እኔ ለባሌ።" ፔላጌያ ኒኪቲችና የሻርፗን ጫፍ አስተካከለች። "ተቀበሉሽ?"

ዞያ ካርፖቭና ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቀበሉም ለማለት።

"እኔንም" አለች አሮጊቷ። ሌላ አልጨመረችም። ጎን ለጎን ቆመው ተራቸውን መጠበቅ ቀጠሉ፣ ትልቋ የትንሿን ክንድ ይዛ።

ጓድ ሜዘንትሴቭ ይኼን ሁሉ ሰምተዋል። የካፖርት መረከቢያ ቁጥራቸውን በጣታቸው ያገላብጡታል። ኤራስት ቦሪሶቪች ከደረጃው ሥር ፍርዱን እየጠበቀ እንደ ተማሪ ቆሟል። በመጨረሻ ሜዘንትሴቭ ወደኔ መጡ። ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ጫማዬን ያያሉ።

"ኢና ማርኮቭና።"

"አቤት፣ አርካዲ ፎሚች።"

"እንግዲህ... ኮሚቴው አንድ ማሻሻያ ማድረግ አለበት። ያለ ማሻሻያ አይሆንም፣ ያውቃሉ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ውሻው ይውጣ።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ምን ቆርጦኝ እንደጠየቅኩ አላውቅም፣ ብቻ ከአፌ አመለጠኝ። "አሮጊቷስ?"

"ውሻው ነው ያልኩት!" ብለው ጮሁብኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ዞረው ወደ ሚስታቸው ሄዱና ከኋላዋ ተሰለፉ።

ለግሌብ ልነግረው ስዞር ግድግዳ ተደግፎ እናቱን ያያል፤ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል፣ ለመጥረግም አልሞከረም። ካፖርቷን ለብሳ መጣችና አዝራሯን እንዲቆልፍላት ቀና አለችለት። እሱም አንድ በአንድ ቆለፈላት።

"ደህና ነው፣ ግሌብዬ" አለችው። "ልክ እንደዚያ ነበር የቆምነው። ግን እዚያ ውሻ አልነበረም።"

"ከነገ ጀምሮ እዚህም የለም፣ ፔላጌያ ኒኪቲችና" አልኳት፣ እኔም እያለቀስኩ።